ሩብ ጉዳይ

ጥቅምት 11 ቀን 1979፣ መተማ

ሰሊጥ ማሳ ስለካ ውዬ ገባሁ። ሙቀቱ አልበረደም። ቤቱ ጭር ብሏል... ካልኩሌተሬን አውጥቼ ተጫወትኩ። እጮኛዬ ለተሥላሴ፣ ለትምህርት ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ በሄደች በዓመቱ የላከችልኝ፣ ፕሮግራም የሚቀበል። አንዱ ቁልፍ ነጥብ ያለውን ቁጥር ቆርጦ ሙሉውን ያስቀራል፤ ሌላው ቁራጩን። 2.75 ቢሉት 2 እና 0.75። ቁራጩ በ60 ሲባዛ ደቂቃ ይሆናል። ሰው ሲጠፋ ከቁልፍ ጋር ነው ወሬው።

ጥቅምት 14

ደብዳቤዋ ደረሰ! አጭር ነው። እሑድ በሬዲዮ፣ በተማሪዎች ሰላምታ ላይ ትናገራለች። በግሪንዊች ሰዓት 2 ከ45። በጣት መቁጠር ይቻል ነበር፤ ግን ማሽኑ የእሷ አይደል? የአገሩ ልዩነት ሦስት ይጨምራል፣ የእኛ አቆጣጠር ስድስት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ እኛ ሰዓት ለማምጣት ሦስት መቀነስ ነው። 2.75 ብዬ ሰጠሁት። ሰዓት 0፣ ደቂቃ 15። ዜሮ ያው አስራ ሁለት ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ከሩብ!

ድምፅዋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሬዲዮኑን ስከፍት የስንብት ሙዚቃ። አለቀ።

ጎረቤቴ ጎሹ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የራሱን ሬዲዮ ይዞ ደጅ ቆሟል።

«ስምህን ጠርታለች... ደህና ናት።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«የሱዳን ዘፈን እየገባበት ምኑ ይሰማል ጓድ ፈረደ! የሚመጣው እሑድ በዚያው ሰዓት ይደግሙታል።»

መሬት መሬት ያያል። ማሽኑ ሰዓቱን እንዳሳሳተኝ ስነግረው ሻይ ልጋብዝህ አለኝ። ጎሹ ሻይ ሲጋብዝ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 18

ገባኝ! ከ2.75 ላይ 3 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ሩብ ነው። ሙሉው ዜሮ፣ ቁራጩ ከዜሮ በታች 15። የመቀነስ ምልክቷን ግን ለዓይን አታምርም ብዬ ፕሮግራሙ ላይ አጥፍቻት ነበር። አስራ ሁለት ከሩብ ያልኩት ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው! መቀነስ ማለት መጉደል፣ ጉዳይ... አማርኛው እየነገረኝ እንዴት ሳትኩ? አስተካከልኩት። መጀመሪያ አስራ ሁለት ደምር፣ ከዚያ ቁረጥ። 11.75። አስራ አንድ ከአርባ አምስት።

ለጎሹ ልነግረው ብሄድ ኮኪት ወርዷል አሉኝ። እየሸሸኝ ነው ልበል? ለምን?

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ሰማኋት። ድምፅዋ ያው ነው። መጀመሪያ ሳንጃ ላሉት እናቷ። ቀጥሎ፣ «መተማ ለሚገኘው ወንድሜ ለፈረደ ያረጋል። እኔም ባለቤቴም ደህና ነን።»

ወንድሜ...

አለቀስኩ። ከማን እደብቃለሁ?

ጎሹ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ይዞት ከርሟል ለካ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ማሽኑ ሠራ?» አለኝ።

«ሠራ» አልኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሳተም።