ለቅሶ የመሰለን ቅላት

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ? ጎንህን ተሻለህ ወይ? ያለህበት ይበርዳል ወይስ ይሞቃል? እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ፤ ከጣራ ወድቀህ ከቀበርንህ ወዲህ ግን እንዲህ ሳልጠይቅህ ወሬ መጀመር አልሆነልኝም። እኛ ደህና ነን እንዳልልህ ዓይኔ አለ።

ጀምረህ የተውከውን የብረት በር ልጨርስልህ ብዬ ከትምህርት ቤት መልስ ወርክሾፕ ገባሁ። መነጽርህን ማድረግ አልደፈርኩም፤ ላብህ አሁንም ማሰሪያው ላይ አለ። ብየዳውን ስሞርድ የብረት ብናኝ ቀኝ ዓይኔ ገባ። ጓደኞችህ እንደ ልማዳቸው በመሐረብ ጫፍ አወጡልኝ። “የዓይናማው በያጅ ወንድም ሆነህ ለዚህች ታለቅሳለህ?” ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ዓይኔ ደም መሰለ። ሐዘን ቤት ውስጥ የቀላ ዓይን ማን ይጠረጥራል? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ “በቃ፣ ራስህን አትጉዳ” ትለኛለች። እማዬ መደርደሪያህ ላይ የቀረውን የዓይን ጠብታ አደረገችልኝ፤ ያንተ ስለሆነ ደስ አለኝ። ቅላቱም ቀለል አለ። ከዚያ ግን ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር፤ የክፍላችን ሰሌዳ ጭጋግ ለበሰ። ትንሿ እህታችን “ዓይንህ ውስጥ ሩዝ አለ” ብላ ሸሸችኝ።

የዓይን ሐኪሟን “ከለቅሶ ነው” ስንላት “በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው እንዴ የሚያለቅሰው?” አለችን። ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየችኝ። ጀርም ከዓይኔ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን እያቆሰለው ነው፤ የድሮው ጠብታ ቅላቱን ደብቆ ጀርሙን አበርትቶታል አለች። አሁን በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ሌላ ጠብታ ነው፤ ማሸትም መሸፈንም ክልክል። ቁስሉ ከጠለቀ ዓይኑ ሊበሳ ይችላል፤ ቢድን እንኳ ጠባሳው መሃል ላይ ከቀረ ማየቴ ያጠራጥራል። እማዬ “በእጄ አጠፋሁት” እያለች እጇን ታያለች።

እማዬ ፎቶህን ሳትስም አትተኛም። ትንሿ ሰላም በልልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊዋም ሱሪህን ሰፍታ ጨርሳለች፤ ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷታል።

እስከ ትናንት እማዬ እኛ ክፍል ነበር የምታድረው። ዛሬ በጠዋት ሥራ ገባች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ጠብታውን ራሴ አደረግሁ። ከዚያ ጤነኛውን ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ወደ አልጋህ ዞርኩ። በጭጋጉ ውስጥ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ ጀርባውን ሰጥቶኝ የተኛ ሰው መሰለ። መዳፌን ቶሎ አላነሳሁም።

ከክፍላችን፣ ሐሙስ ጠዋት