የኪነት ቡድናችን ጉልበት

ሰኞ
የማርታም ጉልበት አበጠ። በዚህ ወር ሦስተኛዋ ናት። የአብዮቱ በዓል ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የሆሳዕና ከተማ ኪነት ቡድን ግን አሁንም ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ በባዶ እግሩ ይዘላል። አሰልጣኛቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

እኔ ጉልበቴን ያጣሁት አዲስ አበባ፣ መድረክ ላይ ነው። መጀመሪያ ልክ እንዲህ አብጦ ነበር። "ያልፍልሻል" አሉኝ፤ ጨፈርኩበት። አሁን ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው። ማርታ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ማክሰኞ
ዓይኔን ጨፍኜ ዘለው ሲያርፉ ብቻ አዳመጥኩ። "ዷ!" ካለ የተቀበለው አጥንት ነው። ጭን ሲቀበለው ብዙም አይሰማም። ከአሥራ ስድስቱ ጨፋሪዎች ድምፅ የማያሰማው ከድር ብቻ ነው። የጭነት መኪና ላይ ሲሠራ ከላይ መዝለል ለምዷል።

ለነገ፦
ሣር ሜዳ።
ሰውነቱን ሳያሟሙቅ የሚዘል የለም።
ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ።
ማርታ ትረፍ።

ረቡዕ
ኃላፊያችን ጓድ ዘለቀ ሜዳው ላይ አገኘን። "ማን ፈቀደልሽ? በዓል ሲደርስ ሥራ ማጓተት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?" አለኝ። አውቃለሁ፤ አሻጥር ነው የሚባለው። በዚያ ቃል የታሰረ ሰው አውቃለሁ።

"በዚህ አያያዝ ለበዓሉ የሚቆም እግር አይኖርም" አልኩት።

ማርታ የፊት መስመር ስለሆነች ትጨፍር አለ። እምቢ አልኩ። "በጽሑፍ አቅርቢ" ብሎ ሄደ።

ሐሙስ
ጻፍኩ። የተጎዱትን የሦስቱን ስም፣ የትኛው ጉልበት፣ ምን ሲሠሩ።

ማርታ አለቀሰችብኝ። "እትዬ፣ ካልጨፈርኩ ወደ አገሬ አንጋጫ ይመልሱኛል።" ቀሚሴን ሰብስቤ የጉልበቴን ጠባሳ አሳየኋት።

ዓርብ
ከድር አስተማሪ ሆነ። በሀዲይኛ ያስረዳቸዋል፣ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ግማሹ ያመልጠኛል። ይሁን። ማታ ላይ አሥራ አንዱ ድምፅ ሳያሰሙ አረፉ። አሥራ አንድ!

ቅዳሜ
ጓድ ዘለቀ ቢሮው አስጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

"ፊት ማን ይቆማል?" አለኝ።

"ከድር።"

"ማርታስ?"

"ተቀምጣ ከበሮ ትመታለች።"

ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። ሜዳውን ፈቀደ። "አንድ ሰው ቢጎዳ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ" ብሎ አስፈረመኝ። ፈረምኩ።

ከሰዓት ልምምድ ላይ ዝናብ መጣ። አፌን ሳልከፍት አንዷ "ሣሩ ያንሸራትታል፣ ቁሙ!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ቆሙ። ሳልናገር!

ሰባት ቀን ቀረን። ሰኞ ፀሐይ ይውጣልን እንጂ።