በሱቁ አድራሻ የመጣ መርዶ

ረቡዕ

መብራቱ ዛሬም ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። የኢንተርኔት ኮምፒውተሮቹ እንደገና እስኪነሱ ሰው የከፈለበት ሰዓት ያልቃል፤ ሰው ደግሞ እኔን ይበላኛል። በርበሬና ሽሮዬን ብቻ እየሸጥኩ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ያናደደኝ ግን መብራቱ አይደለም። ደንበኞቼ በየሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ናቸው። የራሳቸው ኢሜይል የላቸውም፤ የሁሉም ደብዳቤ በሱቁ አድራሻ ይመጣል። ዓርብ እረፍታቸው ስለሆነ መጥተው አነብላቸዋለሁ። ዛሬ ኢሜይሉን ስከፍት የአንዷ፣ የዘይነባ፣ ወንድም ሰይድ ከደሴ ጽፏል። በእንግሊዝ ፊደል፣ ሁለት መስመር።

«እናታችን ሰኞ ሞታ ቀበርናት። ሞባይሉን እንዳትረሺ።»

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ የለ። ከሞባይል ልመና ጋር!

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ስጮህ ዋልኩ። አንድ ተማሪ ሰዓቱ አልቆ አልነሳም ሲለኝ በዓረብኛ «ኸላስ!»፣ በቃ፣ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩበት። አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ስደት ላይ፣ ካላክላ ሰፈር፣ ስሜ ዓለም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ኸላስ ጋ እንሂድ» ነው የሚሉት።

እትዬ ሐዋ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። የወሎዎቹ ትልቅ እሳቸው ናቸው። ዘይነባ ሶባ ሰፈር አሠሪዋ ቤት ነው የምታድረው፤ እዚያ ከሰማች ዕቃ እያጠበች ብቻዋን ልታለቅስ ነው አሉ። ነገ አሠሪዋን አስፈቅደው እሳቸው ቤት ያሳድሯታል፤ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። እስከዚያ እኔ ምንም አልሰማሁም።

«አንቺ ብቻ ፊትሽን ጠብቂ» አሉኝ።

እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ እንጂ ተዋናይ አይደለሁም።

ዓርብ

ዘይነባ ከአውቶቡስ ወርዳ ቀጥታ መጣች። ሰይድ ጻፈ ወይ አለች። አልጻፈም አልኳት። ሰነፍ ብላ ሰደበችው፤ እሰይ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወንበሩን ሳበችና «በይ ለእማዬ ጻፊልኝ» አለች።

ምን ልበል? ጻፍኩ። እግርሽን እንዴት አደረገሽ። ብርድ ላይ አትቀመጪ። ለረመዳን እመጣለሁ፣ ኢንሻላህ። የላክሁልሽን ሻሽ ለሰው እንዳትሰጪ። ሰዓቷ አለቀ። ቀጠለች። ከኋላ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀጠለች። ጥቁሯ ላም ወለደች ወይ? በሰይድም፣ በእትዬ ሐዋም፣ በዚህ ኮምፒውተርም እየነደድኩ ጻፍኩ። የተቀበረች ሴት ብርድ እንዳይመታት እየመከርኩ!

ስትጨርስ ፊቴን አየችኝ። እትዬ ሐዋ ጠርተውኛል፣ እዚያ ነው የማድረው ብላ ሄደች።

ቅዳሜ

ነገሯት። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሌሎቹ ሲጮኹ እሷ ድምፅ አላወጣችም። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ያጽናኗታል። በሰው መሀል ዓይኗ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። አንገቴን ደፋሁ።

እሁድ

ለሰይድ መልስ ጻፍኩ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ሞባይሉን ግን አልረሳሁትም።

«መርዶ በዚህ አድራሻ አይላክ» የሚል ወረቀትም በሩ ላይ ለጠፍኩ። አብዛኞቹ ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ ከለጠፍኩት በኋላ ነው። በንዴት ገነጠልኩት። በአፌ እነግራቸዋለሁ።

ዓርብ

ዘይነባ መጣች። ከስታለች። ይቅር በይኝ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ያን ዕለት አውቄ ነበር» አለች። «ሰዓቴ ሲያልቅ ኸላስ አላልሽኝም። ልይሽ ብዬ ጨመርኩ። አሁንም አላልሽም። ስለ ላሟ ስጠይቅ እማዬ እንደሌለች ገብቶኝ ነበር።»

ታዲያ ለምን ቀጠልሽ አልኳት።

«ካቆምኩማ ሞተች ማለት ነው።»

የዚያን ዕለቱን ደብዳቤ አንብቢልኝ አለች፤ አላጠፋሁትም ነበር። እግሩን፣ ብርዱን፣ ሻሹን፣ ላሟን አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። እንደገና ልትለኝ ስትል ሰዓቱን አየሁ። ሶኬቱን ሳልነካ «ኸላስ፣ ዘይነባ» አልኳት።

«እሺ» ብላ ተነሳች።

ለሳምንቱ ትምጣ አትምጣ እንጃ። ከእንግዲህ የምትጽፍለት ሰይድ ብቻ ነው።