ቀድሞ የጮኸ ጫማ ይቦርሻል

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምፈራሽ፣ ጥፋት ሳጠፋ ደግሞ ለምደበቅሽ ለታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነም ተነሺ፣ መሀረብ ፈልጊና ተመልሰሽ ተቀመጪ። ቤታችን ከባድ ሐዘን ገብቷል። ሟቹ በዚህ ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ ያገለገለ፣ ጭቃ ሲውጠው ያላጉረመረመ፣ ከአባታችን ጋር ስንት ሺህ በር የዞረ ታማኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ዘመድ ወዳጅ በተሰበሰበበት (ማለት እኔና አባዬ)፣ አፍንጫው በቢላዋ ተቆርጦ ከመካከላችን ተለየ። ሟቹ የአባዬ የቀኝ እግር ጫማ ነው። ግራው በሕይወት አለ፤ በሩ ሥር ብቻውን ቆሞ ሲያዩት ያሳዝናል።

በይ መሀረቡን እጠፊው። አትጣይው ግን፤ ኋላ ያስፈልግ ይሆናል።

ሰላምታ ሳላቀርብ በመርዶ መጀመሬ የአስተዳደግ ጉድለት ነው፤ ያሳደግሽኝም አንቺ ነሽ። ለመሆኑ ደህና ነሽ ወይ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የልብስ ማጠቢያ ቤቷ አለቃሽ አሁንም ከማሽኖቹ በላይ ትጮሃለች? እኔ ናፍቆትሽ ሳይቆጠር ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽም ቢሆን እስካሁን የምግብ ፍላጎቴን አልነካውም። ሥራዬ ያው ጎሚስታ ቤት ነው፤ ጎማ ውስጥ እጄን ከትቼ ሚስማር ስፈልግ እውላለሁ። ፊደል ስስት ቀይ እስክሪብቶ እንዳታነሺብኝ። ሰባተኛ ክፍልን ከመውደዴ የተነሳ ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶናል። የፈላ ውሃ እግርሽ ላይ ፈስሶብሽ ምንም ሳይመስልሽ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ካልሲሽን ስታወልቂ ነው ያየሽው አሉ። «እዚህ አገር ብረት ሆኛለሁ» ብለሽ የጻፍሽውን ለአባዬ ጮክ ብዬ ሳነብለት እኔ በሳቅ ሞትኩ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጨዋታችንን መቼም አልረሳሽውም። እማዬ ያረፈች ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ መነሳት ሁላችንንም ሲያቅተን፣ አባዬ የፈጠረው ነው። አንዲት ደረቅ ሽንብራ ከአንዳችን ጫማ ውስጥ ትገባለች፤ ሁላችንም እናጠልቅና ወደ በር እንሄዳለን፤ ቀድሞ የጮኸ የቤቱን ጫማ ሁሉ ይቦርሻል። አንቺ ገና ጫማሽን ሳታጠልቂ የምትጮሂ ነበርሽ። አባዬም ቢሆን ሁለተኛው እርምጃ ላይ «ወይኔ እግሬ!» ብሎ በአንድ እግሩ ሲዘል፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መቀሱን ጥሎ ይስቅ ነበር። እንደዚያ እየጮኽን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጨዋታው የሁለት ሰው ሆነ። ከዚያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አባዬ መሸነፍ አቆመ። ሽንብራ ከተትኩ፤ ዝም። ሦስት አደረግኳት፤ ዝም። ጠጠር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ከጎሚስታ ቤት ያመጣሁት ብሎን፤ ዝም ብሎ ረግጦት ይወጣል። እሱ የከተተልኝን ግን እኔ በር ሳልደርስ እጮሃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ጫማ ቦረሽኩ። «የኔ ተረከዝ የበሰለ ነው፣ አንተ ገና ለጋ ነህ» እያለ ያሾፍብኛል። እኔ ሞኙ ደግሞ አምኜው እናደዳለሁ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆርኪ ከተትኩለት። ጥርሱን ወደ ላይ አድርጌ።

እንደ አባዬ ያለ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ በቀን ስንት በር እንደሚያንኳኳ ታውቂያለሽ። እኔ ጎማ እየፈታሁ ለብቻዬ ስስቅ ዋልኩ። አሁን መጀመሪያው በር ላይ ጮኸ፣ አሁን የሰው ግቢ ውስጥ በአንድ እግሩ ዘለለ፣ አሁን እኔን ረገመኝ እያልኩ። አለቃዬ «ምን ያስገለፍጥሃል አንተ?» ብሎ የቁልፍ መፍቻ እስኪወረውርብኝ ድረስ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ፤ አባዬም ወዲያው ገባ። አረማመዱ ደህና ነው። «እንዴት ዋልክ» ብሎኝ ተቀመጠና የቀኙን ጫማ አወለቀ። ካልሲው ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ካርቶን ሆኗል። ቆርኪው ከትንሿ ጣት ሥር ከነካልሲው ተሰክቷል።

እታለም፣ እግሩን የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ነው ያየው። ከዚያ ቀና አለና «አልጮኽኩም» አለኝ። እንዳሸነፈ ሰው ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው።

«የጨው ውሃ ይበቃዋል» ብሎ ውሃውን ራሱ አሞቀ። እግሩን ሳፋው ውስጥ ዘፍዝፎ ስለ አንድ ተሰብሮ ስላገኘው ቆጣሪ ያወራኛል። ፎጣ ላቀብለው ጎንበስ ስል ጣቴ ውሃውን ነካው፤ «እፍ!» ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እሱ ወንዝ ዳር እንደተቀመጠ ሰው ወሬውን ቀጥሏል። እግሩን በሁለት እጄ ይዤ አወጣሁት። ውሃው እስከደረሰበት ድረስ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀልቷል።

ያኔ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን ነበር የምጫወተው።

ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው «ለቆርኪ?» ብሎ ሳቀብኝ። በጨርቅ ጠቅልሎ ስድስት ቀን ሥራ ሄደ። ለአንቺ እንዳልጽፍም አስማለኝ፤ የማልኩት በሰባተኛ ክፍል ውጤቴ ስለሆነ አይጸናም። በስድስተኛው ቀን ሽታውን ጎማና ግራሶ የለመደ አፍንጫዬ እንኳ አልቻለውም። ልለምነው አልኩና ተውኩት፤ ልመና አልችልበትም። የምችልበትን አደረግኩ። ድምፄን አወፍሬ ስልክ ደወልኩለት፤ «ጤና ጣቢያ ነው፤ ቆጣሪያችን ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው፤ ቶሎ ድረሱልን» አልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ የሚቆጥር ቆጣሪ አይቶ አያውቅም። ባትሪውንና ደብተሩን ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ መጣ። እኔና አንዲት ነርስ ባለ ጎማ ወንበር ይዘን በሩ ላይ ጠበቅነው። እኔን ሲያይ ምን እንዳለኝ አልጽፍልሽም፤ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚከፍቱት ሰዎች ጨዋ ናቸው።

ነርሷን ወይዘሮ ተረከዝ ብያታለሁ። ሰው ሰላም ስትል የምታየው ፊቱን ሳይሆን ጫማውን ነው። የኔን አየችና ስሜን ሳትጠይቀኝ «ይሄ ይጠብሃል፤ ጥፍርህ ሥጋህ ውስጥ እየገባ ነው። ጠርዙን አትከርክመው፣ ቀጥ አድርገህ ቁረጠው» አለችኝ። ከዚያ አባዬን አስተኛችና አንድ ቀጭን የናይለን ክር አወጣች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ አባባ። ክሩ ሲነካዎት አዎ ይበሉ።»

ነካችው። «አዎ» አለ። እንደገና ነካችው። «አዎ።» አራት ጊዜ አንድም አልሳተም። እኔ ደስ ብሎኝ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ግን እታለም፣ በማጭበርበር እኔን የሚያክል የለምና ወዲያው አወቅኩበት። ወይዘሮ ተረከዝ ጎንበስ ባለች ቁጥር ወንበሯ ሲጢጥ ይላል። አባዬ የሚሰማው ክሩን ሳይሆን ወንበሩን ነበር። እሷም ሳታውቅበት አልቀረችም። ክሩን በአየር ላይ ይዛ ዝም ብላ ጎንበስ አለች።

«አዎ» አለ አባዬ።

«አባባ፣ አሁን እኮ አልነካሁዎትም።»

ዓይኑን አልገለጠም።

ስኳር ነው አለች። አባዬ አልደነገጠም፤ ያውቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ተነግሮት ወረቀቱን የቆጣሪ ደብተሩ ሽፋን ውስጥ ሸጉጦታል። ቀኑን አየሁት፤ አንቺ ሻንጣሽን የምታዘጋጂበት ሳምንት ነው። ይህን ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው፣ አይጠፋም።

«ቆርኪው እንዴት ጫማዎ ውስጥ ገባ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። «ከኪሴ ወድቆ ይሆናል፤ ቆርኪ እሰበስባለሁ» አላት። እሱን የሚያህል ሽማግሌ ቆርኪ ሲሰበስብ! ሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ወር የምቀልድበት ነበር። ግድግዳውን እያየሁ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነኝ፤ ለአንቺ ብቻ ነው የተነፈስኩት።

ትንሿን ጣቱን ሆስፒታል ልከውት ባለፈው ዓርብ ወሰዷት። «ዘጠኝ ይበቃኛል፤ አሥረኛዋ ድሮም ሥራ አልነበራትም» አለኝ። ደህና አድርጌ ሳቅኩለት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ። ሐኪሙ ቁስሉ ከገጠመ እግሩ ይተርፋል፣ ካልገጠመ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የምንቆርጠው ብሏል። ፋሻው ጫማ ውስጥ አልገባ ስላለ ነው ሟቹን በቢላዋ የሸኘነው። መራመድ ለጊዜው ከሽንት ቤት አያልፍም። የሱን ሰፈር አሁን አንድ ሌላ አንባቢ ይዞለታል፤ አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ «የዳቦ ቤቱ ቆጣሪ ከበርሜሉ ኋላ ነው፣ አያገኘውም» እያለ ይብሰለሰላል።

እኔ እንግዲህ የእግር ሐኪም ሆኛለሁ። ውሃው ለብ ማለቱን በክርኔ እለካለሁ። ደህናውን እግሩን አጥባለሁ፣ በጣቶቹ መሃል አደርቃለሁ፣ የተሰነጠቀ ተረከዙን ቫዝሊን እቀባለሁ፤ በጣቶቹ መሃል ግን ቫዝሊን ክልክል ነው፣ ይልጠዋል። የጠጠረውን ቆዳ ይልጥበት የነበረውን ምላጭ ደብቄበታለሁ። የመላጫ መስታወቱን ከእግሩ ሥር ይዤ ውስጡን አያለሁ። ጫማውን ሳያጠልቅ ደግሞ እጄን እከትና ጎማ ውስጥ ሚስማር እንደምፈልገው ዙሪያውን ዳብሼ እፈትሻለሁ። አንቺ ደረጃ ላይ ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ብሎሽ አባዬ ሦስት ቀን እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅሎ በረዶ ሲቀያይርልሽ ትዝ ይልሻል? የሁላችንን እግር ጠብቆ የራሱን እንዲህ አደረገው።

ትናንት ጠዋት ሥራ ልሄድ የራሴን ጫማ ሳጠልቅ ጣቴ ሥር አንድ ነገር ወጋኝ። እንደ ፍየል ጮኽኩ። ልብስ ሰፊው «ምን ሆናችሁ?» ብሎ በመስኮት ብቅ አለ። ጫማውን ባራግፈው ሽንብራ። የሱን ጫማ ስፈትሽ የራሴን መች ፈትሼ! ከሽንት ቤት በቀር ከአልጋ እንዳይወርድ የተባለ ሰው በር ድረስ እንዴት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ዞር ስል ተቀምጦ ያየኛል። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ፦

«ተመስገን» አለ። «ያንተ ይሰማል።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «እህትህስ?» አለኝ።

እታለም፣ ያን ደብዳቤሽን ሳነብለት አባዬ አልሳቀም ነበር። ቀልዱ አልገባውም ብዬ ደግሜ አነበብኩለት።

ፖስታው ጥግ ላይ የምትንኳኳው ያቺው ሽንብራ ናት። ቀኝ ጫማሽ ውስጥ ክተቻትና ሁለት እርምጃ ብቻ ሂጂ፤ ከዚያ አውጥተሽ ግራውን። ሁለት እርምጃ ብያለሁ፤ እኔ ላይ እንደደረሰው እልህ እንዳይዝሽ። ከጮኽሽ ተሸንፈሻል፤ ጫማሽን ግን ዕድሜ ልክሽን እኔ እቦርሽልሻለሁ። ካልጮኽሽ «አሸነፍኩ» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የተቃጠለውን እግርሽን አሳዪ፣ አባቴ ስኳር አለበት በይ። ከዚያ ነይ።

አባዬ ሰላም ብሎሻል። እንደምጽፍልሽ ግን አያውቅም። ሽንብራዋን ፖስታው ውስጥ የከተታት እሱ ነው፤ ግን አያውቅም።

ፈጣሪ እግርሽን ከውሃም ከእሳትም ከወንድምሽም ይጠብቅልሽ። የረገጥሽው ሁሉ ይሰማሽ።

ለመርዶውና ላስፈለገሽ መሀረብ ይቅርታ። ሲታሰብ ያን ያህል ነገር አልነበረም፤ አንድ ያረጀ ጫማ፣ አንዲት ትንሽ ጣት፣ አንዲት ፍሬ ሽንብራ። ይኸው ነው። አንቺ ብቻ ጩኺልኝ።

ጫማ ቦራሹ ወንድምሽ