የሰይድ ጭንቅላት ያረፈበት ማሞቂያ

አባባዬ፣

በለቅሶህ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ለጎረቤታቸው «እሱ የት ይሄዳል፣ መኪናው ውስጥ ነው ያለው» ሲሉ ሰማሁ። የተነገረኝን የማምን ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ተነሥቼ ሄጄ ፔጆህን ከፈትኩ። የሹፌሩ ወንበር ላይ አልነበርክም። ከኋላም አልነበርክም። የኋላውን ኮፈን ሳነሣ ግን በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ማሞቂያው ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከዳሽቦርዱ ሥር ነቅለህ በልጅህ በሰይድ ጭንቅላት ላይ የወረወርከው። ቡሎኖቹን አንድ ሳይጎድሉ በአሮጌ ሽርጥህ ቁራጭ ቋጥረህ አብረህ አስቀምጠሃቸዋል። ሽማግሌው አልዋሹም ማለት ነው።

ከተለየኸን ዐሥር ወር ሆነ። በእርግጫህ የተሰነጠቀውን የጓዳ በር አስቀየርነው፤ አዲሱ የሚመታው ሲያጣ በነፋስ ራሱን ያላጋል። እኔ አሁንም ሰመራ አስተምራለሁ፣ ዕረፍት ሳገኝ በሚኒባስ ወደ አዋሽ ቤታችን እመጣለሁ። እማዬ ደህና ናት። ድሮ ኮቴህን ስትሰማ ድስት ከእጇ ይወድቅ ነበር፤ አሁን ቤቱ ጭር ሲል ነው የሚወድቀው።

ሰይድ ሚሌ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ለቀብርህ አልመጣም። እማዬ «መኪናው አሁን የሱ ነው፣ መጥቶ ይንዳው፤ አንድ ቀን እንኳ እኔን አሳፍሮ ይሂድ» ብላ እኔን አማላጅ አደረገችኝ። ደወልኩለት። «እዚያ መኪና ውስጥ የምገባው ማሞቂያው ቦታው ሲመለስ ነው» አለኝ። በጭራሽ አልገባም ማለቱ ነበር። እኔ ግን ማሞቂያው የት እንዳለ ስለማውቅ እንደ ቀጠሮ ወሰድኩት።

ማሞቂያውን የወረወርክበትን ቀን አንተ በሌላ መልክ ታስታውሰው ይሆናል። እኔ ከኋላ ወንበር መጽሐፍ ይዤ ብቀመጥም በደንብ አይቻለሁ። ከሰመራ ተሳፋሪ ጭነን እየተመለስን ሚሌን አልፈናል፤ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል። ሰይድ፣ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ እጁን ሰደደና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው፣ የሞተሩን ሙቀት ስቦ ወደ ሰው ያመጣል፣ ሰው ሲቀቀል ሞተሩ ይተርፋል ብለው የከባድ መኪና ሹፌሮች ነግረውታል። ይህን ሊያስረዳህ አፉን ሲከፍት በጥፊ ዘጋኸው። ተሳፋሪዎቹ «ያ አላህ!» አሉ። አንተ ሰይድ የቀለደብህ መሰለህ።

በኛ ቆላ አሮጌ መኪና የገዛ ሁሉ መጀመሪያ ማሞቂያውን ነቅሎ ይጥላል፣ ውኃ የሚያመላልሱትን ሁለቱን የጎማ ቱቦ እርስ በርሱ ያገናኛል። አንተ «መኪና እንደተሠራ ነው የሚነዳ» እያልክ ትኩራራባቸው ነበር። የዚያን ቀን ግን መንገድ ዳር አቁመህ፣ ሞተሩ እየፈላ፣ በገዛ እጅህ ነቀልከው። የፈላው ውኃ የእጅህን ቆዳ ላጠው። የባሰ ተናደድክና ወረወርከው። የሰይድ ደም ከጆሮው በላይ ጀምሮ ነጭ ሸሚዙን እስከ ቀበቶው አለበሰው። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሌላ መኪና መጠበቅ ጀመሩ። አዋሽ እስክንገባ ሞተሩ አራት ጊዜ ፈላ። ክሊኒክ ስንሄድ እማዬ «ከበር ጋር ተጋጭቶ ነው» አለች። በዓመቱ ሰይድ ከቤት ወጣ።

ማሞቂያውን ይዤ ላሜራ ቀጥቃጩ ጋሽ ተስፋዬ ዘንድ ሄድኩ። «ዘይነብ፣ አዋሽ ላይ ማሞቂያ? የገሃነም ቅርንጫፍ ልትከፍቺ ነው?» አለኝ። ፈታታነው። ከማራገቢያው ውስጥ የደረቀ ጊንጥ ወጣ። ትንሿን ራዲያተር በአቼቶ ዘፈዘፍናት፤ የወጣው ውኃ ጭቃ ነበር። የቆርቆሮ ሳጥኑን ዝገት በሽቦ ብሩሽ የፋቅኩት እኔ ነኝ። ጣቶቼ እስኪደሙ ፋቅኩት፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እየተሳደብኩ፣ ማንን እንደምሳደብ ሳልለይ። ጋሽ ተስፋዬ አየት አደረገኝና «ቁርጥ አባትሽን» አለ። ሙገሳ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም።

ዝገቱ ሲለቅ የሳጥኑ ጎን ላይ ያለው ጎድጓዳ ፍንትው ብሎ ታየ። ልክ የአንድ ሰው ጭንቅላት ያህል ነው። እማዬ ልታየን መጥታ ነበርና ዐይኗን ከሱ ላይ መንቀል አቃታት። «ቀጥቅጠህ አጥፋልኝ» አለችው። ጋሽ ተስፋዬ መዶሻውን እንዳነሣ ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል። ማሞቂያው መገኘቱን ስነግረው አላመነም፤ በዐይኑ ሊያይ ከሚሌ መምጣቱ ነው።

«አንዴ ብታሳርፍበት ሁለተኛው የሚያርፈው ያንተ አናት ላይ ነው!»

ሰይድ ይህን ብሎ መዶሻውን ያዘ። ጋሽ ተስፋዬ አለቀቀም። ተያይዘው ወደቁ፣ የቀለሙ ጣሳ ተደፋ፣ አንዱ የሌላውን አንገት ጨመቀ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ሁለቱንም ያለ አድልዎ ደበደበቻቸው። ልጅሽ አርባ ሊሞላው ነው ብላት አትሰማኝም። ሲደክማቸው ተላቀቁ። ሰይድ እስከ ክርኑ በጥቁር ቀለም ተነክሮ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ የክሊኒኩ ካርድ ላይ በር ነው የሚለው» አላት። «በር! ከዚህ ቆርቆሮ ሌላ ምስክር የለኝም።»

እማዬ ጫማዋን መሬት ጥላ እግሯን አጠለቀችበት። ከዚያ «ተስፋዬ፣ ተወው። እንዳለ ቀቡት» አለች።

እንዳለ ቀባነው፤ ሙቀት የሚችል ጥቁር፣ ሁለት ጊዜ። ጎድጓዳው ውስጥ ቀለሙ እየተጠራቀመ ስላስቸገረኝ እሱን በትንሽ ብሩሽ ለብቻው ቀባሁት። የሳጥኑን ማሸጊያ ስፖንጅ ለወጥን፣ አዲስ የጎማ ቱቦ አሰርን፣ አንተ በቋጠርካቸው ቡሎኖች ገጠምነው።

ቅዳሜ ወደ ሚሌ ተነሣን። ሰይድ ይነዳል፣ እማዬ ጎኑ፣ እኔ ከኋላ፤ በዚህ ጊዜ መጽሐፍ አልያዝኩም። ገዋኔን ካለፍን በኋላ መርፌው ወደ ቀዩ ወጣ። ሰይድ እጁን ማሞቂያው መክፈቻ ላይ አሳረፈና ሳይከፍት ቆየ። ሰው ከመመታቱ በፊት እንደሚያደርገው ትከሻው ወደ ጆሮው ተጠግቶ ነበር። «ክፈተው» አለችው እማዬ። ከፈተው። እሳት ፊታችን ላይ ተነፈሰ። መርፌው ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ወረደ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች «ልክ ነበርክ» አለች። ሰይድ እስክንደርስ አልዘጋውም፤ ሚሌ ስንወርድ ሦስታችንም ከድስት የወጣን መስለን ነበር።

አልረሳህም፣ አባባዬ፣ ቃሌ ነው። የማስታውሰው ግን ሁለቱንም ነው፤ የወረወረውንም እጅ፣ ቡሎኖቹን በሽርጥ የቋጠረውንም እጅ። አንዱን በሌላው አላጣፋውም።

ሳጥኑ ሲገጠም ያ ጎድጓዳ ወደ ሞተሩ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። ከተገጠመ በኋላ አይታይም።