ማቶኬው ነፃ ይውጣ፣ ልጁም ጡቱን አይነጠቅ

ለኪዮላ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ለክቡር ዶክተር ኦዶንጋ
ኪዮላ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦገስት 19

አመልካች፦ ኤሪያ ሙቢሩ፣ የማቶኬ ሙዝ ገበሬ፣ የሕፃን ሙትያባ አባት

ጉዳዩ፦ በልጄ የክትትል ካርድ ላይ «ማቶኬ አይስማማውም፤ ጡት ይቁም፤ ወደ አያቱ ሄዶ ምግብ ይልመድ» ተብሎ የተጻፈው ከቅዳሜ በፊት እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. በኪዮላ ሰበካ ሕፃን ማብላት እንደ እኔ የሚያውቅ አባት የለም። ሰበካው ሰፊ ስለሆነ ግን ቃሌን ወደ ኮረብታችን ላጥበው። በኮረብታችንም ላይ የልጆቹን ቁጥር ራሱ የማያስታውስ ካቡዬ የሚባል ጎረቤት ስላለኝ፣ «ከመንገዱ በታች ካሉት አባቶች መካከል» ተብሎ ይያዝልኝ። ከመንገዱ በታች ያለሁት አባት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን አቤቱታ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚሰጠውን የማታ ትምህርት ገና መጨረሴ ስለሆነ ፊደሎቼ እንዲህ ቢያምሩ አይገረሙ፤ አዲስ ናቸው፣ ገና አልተሠራባቸውም።

2. ልጃችን ሙትያባ የተወለደው በእርስዎ ጤና ጣቢያ ነው። ባለቤቴ ናማጋንዳ ጡት ብቻ ታጠባው ነበር። ወተት ያለበት ሻይ ስትጠጣ ወይም የኦቾሎኒ ወጥ ስትበላ የልጁ ጉንጭ ሽፍ ይላል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ አንድ ጊዜም በሰገራው ላይ ደም አየን። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ናኩ፣ እናትየው ወተት፣ ኦቾሎኒና እንቁላል እንድትተው መከረቻት። ተወች። ልጁም ጠራ። ለዚህ መሥሪያ ቤትዎን አመሰግናለሁ። እኔም ለባለቤቴ ክብር ስል ኦቾሎኒ ከቤቴ አስወጣሁ፤ ይህም ቀላል መሥዋዕትነት እንዳልሆነ የኦቾሎኒ ወጥ የቀመሰ ሁሉ ይመሰክራል። ናማጋንዳ ግን ከዚያ ወዲህ ማቶኬ፣ ቦሎቄና ቅጠላ ቅጠል ብቻ ስትበላ ከሳች። የሠርጓ ቀሚስ አሁን ሁለት ናማጋንዳ ይይዛል። ይህን ስነግራት አልሳቀችም፤ ስለዚህ በቀልድነት ሳይሆን በማስረጃነት ይያዝልኝ።

3. ልጁ ቁጭ ማለት ሲጀምር፣ ወደ አፌ የሚሄደውንም እጄን በዓይኑ እየተከተለ ምራቁን ሲውጥ፣ ሲስተር ናኩ «ምግብ አስጀምሩት፤ ጡቱም ይቀጥል» አለችን። እርስዎ ማሽላና ዳጉሳ ከሚበላበት ከሰሜን በኩል የመጡ ስለሆነ በትሕትና ላስታውስ፤ እኛ ዘንድ ምግብ ማለት ማቶኬ፣ ያ በእንፋሎት የሚበስለው አረንጓዴ ሙዝ፣ ነው። ሩዝና ድንች ጠግቦ የበላ ሰው እንኳ «በልተሃል?» ሲባል «ኧረ ምግብ አልቀመስኩም» ይላል። ስለዚህ ልጃችን ማቶኬ የሚቀምስበት ቀን የቤታችን በዓል ሆነ። እናቴ፣ የልጁ ጃጃ፣ ከረግረጉ ማዶ ካለው መንደሯ መጣች። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ማቶኬ በእንፋሎት በሰለ፣ ተድቦለቦለ፣ ላመ። በጣት ጫፍ አቀመስነው። ከከንፈሩ ዙሪያ ጀምሮ ሽፍ አለ፤ አስመለሰው። ሳምንቱ ሲያልፍ «የመጀመሪያው ቀን ብርድ መትቶት ይሆናል» ብለን እናቴን ጠርተን ደገምነው። የዚያን ቀን ባሰ።

4. ከዚያ ወዲህ ልጁ ማንኪያ ሲያይ አፉን ይገጥማል። ጥርስ የለውም። በድዱ ብቻ የቆለፈውን በር ግን በዘፈንም፣ በጭፈራም፣ እንደ ዝንጀሮ በመዝለልም መክፈት አቃተኝ። ዝንጀሮውን አየና ሳቀ፤ ሲስቅም አፉን በእጁ ሸፈነ።

5. ወሬው የሙዝ ጠላ ከሚጠጣበት ቤት ደረሰ። የእኛ ጎሳ እርም ማምባ የሚባለው ዓሣ መሆኑን አገር ያውቃል፤ አንበላውም፣ አንነካውም። ካቡዬ ከሩቅ እንዳየኝ ጮኸ፦

«ሙቢሩ! የእናንተ እርም አንድ ዓሣ ነበር። ያንተ ልጅ ወተት እርም፣ እንቁላል እርም፣ ኦቾሎኒ እርም፣ ጭራሽ ማቶኬ እርም! የራሱን ጎሳ ሊመሠርት ነው እንዴ?»

«አለቃውም እሱ፣ ሕዝቡም እሱ» አለ አጠገቡ የተቀመጠው።

«ግብሩን ለማን ይከፍላል ታዲያ?»

«ለእናቱ ነዋ!» አልኩ፣ «ጠዋትና ማታ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ!»

በዚያ ምሽት ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ቤት ስገባ ግን ናማጋንዳ ልጁን አቅፋ ነበር። የእጅ አንጓው ሳስቶ ስላየሁት ቀልዱን አልነገርኳትም።

6. በመጨረሻው የክትትል ቀን የልጁ ክብደት አልጨመረም። ጤና ጣቢያው በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ሲስተር ናኩም ለክትባት ወደ ሌላ መንደር ወጥታ ነበር። በጉዳዩ ላይ የተጠቀሰው ቃል በካርዱ ላይ ተጻፈ፤ እርስዎም ፈረሙበት፤ ማህተም አረፈበት። በቀና ልብ እንደተደረገ አልጠራጠርም። እናትየው ከስታለች፤ ልጁ ጡት ስላገኘ ምግብ እምቢ ይላል፤ ጡት ሲያጣ ርቦት ይበላል፤ አሳቡ ይህ ነው። አያት ዘንድ ልኮ ጡት ማስጣልም የአገራችን ወግ ነው። እኔም እያለቀስኩ ሄጄ ወፍሬ እንደተመለስኩ ይነገራል።

7. ችግሩ የመጣው ማንበብ በመቻሌ ነው። እናቴ ካርዱን ከናማጋንዳ እጅ ወስዳ ሰጠችኝና፦

«አንተ ልጅ፣ ተማርኩ ተማርኩ እያልክ አገሩን አደንቁረሃል። እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አለች።

ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ አነበብኩ። «ወደ አያቱ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ ለማድረግ ሞከርኩ።

«ምን አልክ? ድገመው!»

ደገምኩት።

«ጎሽ! ትምህርቱስ ገብቶሃል። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ መንግሥትም ብሏል።»

ናማጋንዳ ልጁን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። የማታ ትምህርት መግባቴን የረገምኩት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ምክንያቱም፣ ክቡር ሆይ፣ እናቴ የታወቀች ኦቾሎኒ አምራች ናት። በግቢዋ የሚሰጣው ኦቾሎኒ፣ በሙቀጫዋ የሚወቀጠው ኦቾሎኒ፣ ቀሚሷ ላይ ያለው ብናኝ ኦቾሎኒ ነው። ልጄ የሚስማማውን ብቸኛ ነገር፣ የእናቱን ጡት፣ ትቶ የማይስማማው ነገር ወደ ሞላበት ግቢ ሊሄድ ነው።

8. እውነቱን ያገኘሁት ባለፈው እሑድ፣ እኔ ራሴ ነኝ። በትክክል ለመናገር፣ ስገኝ ያገኘችኝ ባለቤቴ ናት። እናቴ ልጁን ለማየት መጥታ እንደ ልማዷ የኦቾሎኒ ወጥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ አስራ አምጥታልኝ ነበር። ለእንግዳ ክብር ሲባል መሥዋዕትነቴን ለአንድ ቀን አቋረጥኩ። ጥቅሉ እንዲሞቅ በማቶኬው ላይ ተቀመጠ። እኛ ዘንድ ድስት አንድ ነው፤ ከሥር ማቶኬው፣ ከላይ የወጡ ጥቅል ሆኖ በአንድ እንፋሎት ይበስላል። ምግቡ ወጥቶ፣ ማቶኬው ተጠቅልሎበት የነበረውን ቅጠል ጓዳ ቆሜ ስልስ ናማጋንዳ ደረሰችብኝ።

«ምን ትልሳለህ?»

«የማቶኬውን ቅጠል።»

«የማቶኬ ቅጠል ደግሞ ምኑ ይላሳል?»

«ይሄኛው ይጣፍጣል።»

«ለምንድን ነው የሚጣፍጠው?»

ምላሴን እንዳወጣሁ ቀረሁ። ቅጠሉን ከእጄ ነጥቃ ወደ ብርሃን አወጣችው። ከላይ ካለው ጥቅል የተንጠባጠበው የኦቾሎኒ ወጥ በእጥፋቱ ገብቶ ማቶኬው ድረስ ወርዷል። ልጁ ማቶኬ በቀመሰባቸው በሁለቱም በዓላት እናቴ ተጋብዛ ነበር፤ በሁለቱም ጥቅሏን ይዛ መጥታ ነበር፤ በሁለቱም ጥቅሉ ከላይ ተቀምጦ ነበር። ማቶኬው ምንም አላደረገም፤ ጎረቤቱ ነው ያስከሰሰው።

9. ሲስተር ናኩ ትናንት ሰኞ ጠዋት ለክትባት ወደ ኮረብታችን ስለመጣች ነገሩን ነገርናት። እሷም፦ «አዲስ ድስት፣ አዲስ ቅጠል፣ የታጠበ እጅ። እኔ እዚሁ እያለሁ በጣት ጫፍ አቅምሱት» አለች። ወደ እኔም ዞራ «አንተ ራቅ በል፤ ጢምህ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም» አለች። ራቅሁ። ናማጋንዳ አቀመሰችው። ሲስተር ሌሎቹን ሕፃናት ከትባ እስክትጨርስ ጠበቅን። ሽፍታ የለም፤ ማስመለስ የለም። ተጨመረለት። በላ። በልቶም ሲያበቃ ሳህኑን በመዳፉ እየመታ፣ ከእርስዎ ወንበር በማያንስ ሥልጣን፣ እንድንጨምርለት አዘዘን። ዛሬም በላ፤ ዛሬም ደህና ነው።

10. ትናንት ከሰዓት ይህን ለእናቴ ለመንገር ረግረጉን ተሻገርኩ። ጨርሳ ሳትሰማኝ ተነሣች፦

«እኔ ነኛ የተከሰስኩት! እንዲሁ እያበሰልኩ አይደል እንዴ ሁላችሁንም ያሳደግኩት? አንተስ ምን ጎደለህ?»

አብሮኝ የመጣው ካቡዬ የጎደለኝን ሊቆጥርላት አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸምኩት።

«ደግሞስ» አለች እናቴ፣ «ማህተም ያረፈበትን ቃል ምላስ አይፍቀውም። ያተመው ይንቀለው። አለዚያ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ልንሄድ ስንል ግን እስከ አጥሩ ሸኘችን። ካቡዬ ወደ ፊት እስኪቀድም ጠብቃ እጄን ያዘችና በቀስታ «እውነት ልጁ የታመመው በእኔ ጥቅል ነው?» አለችኝ። መልሱን ታውቀዋለች። ዓይኔን ወደ ረግረጉ መለስኩ። እሷም መዳፏን በቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች።

11. ስለዚህ ክቡርነትዎ ከቅዳሜ በፊት የሚከተለውን እንዲፈጽሙልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፦

ሀ) «ማቶኬ አይስማማውም» የሚለው እንዲሰረዝ። ይህ ስም በልጁ ላይ ከቀረ ትልቅ ሰው ሆኖ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይሳቅበታል።

ለ) «ጡት ይቁም፤ ወደ አያቱ ይሂድ» የሚለው እንዲሰረዝና በምትኩ «ጡቱም ይቀጥል፣ ምግቡም ይጨመር» ተብሎ እንዲጻፍ። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ፣ በመሐሉ እየታየ እንዲሰጠው ሲስተር ናኩ ትምራን።

ሐ) ወተት፣ እንቁላልና ኦቾሎኒ ጊዜው ሲደርስ የሚሞከሩት በጤና ጣቢያው፣ ነርስ ባለችበት ብቻ እንዲሆን። እንደ እኔ ያለ ደፋር በቤቱ እንዲሞክር እንዳይፈቀድለት።

መ) ባለቤቴ እያጠባች ሰውነቷ እንዲመለስ ምን መብላት እንደምትችል እንድትመከር። ቦሎቄው እኔንም ሰልችቶኛል፤ ያውም የምበላው እኔ ሳልሆን።

ሠ) ለእናቴ በስሟ ደብዳቤ እንዲጻፍላት፣ ማህተሙም ጎላ ብሎ እንዲያርፍበት። ደብዳቤው ጥቅሏንም እጇንም አይውቀስ። «የልጁን ንጹሕ ድስት የምትጠብቅልን አንቺ ነሽ፤ ልጁን እቤቱ እየመጣሽ አብዪልን» ይበል። ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ድስት በቤታችን ተዘጋጅቷል፤ እሷ ካልፈቀደች ማንም አይነካውም። እኔ እያነበብኩላት ልታኮርፍ ትችላለች፤ ነገር ግን ማህተም ካየች ትመጣለች፤ ከመጣችም እጇን ታጥባ ትመጣለች።

12. አቤቱታዬን ልፈርም ስል ናማጋንዳ «አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ተራ ቁጥር 9 ላይ ስደርስ «ይሄ የታለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጁ ሳህን አልመታም፤ ማንንም አላዘዘም። ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የሆነው ነገር ለመሥሪያ ቤት የሚያንስ መስሎኝ ነበር። የሆነው፦ ማንኪያው እንደገና ሲመጣ አየውና አፉን ከፈተ። ከፍቶም ጠበቀ።

ለሚሰጡኝ ውሳኔ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከሦስታችን ሰላምታ ጋር

ኤሪያ ሙቢሩ
(ፊርማ፣ በገዛ እጄ)