ስንት ሰው እንደሚያለቅስልን ለሚተነብዩልን ሊቀመንበር

ሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ

ለተከበሩ አቶ ዘርይሁን፣ የምሥራቅ በር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ እንዲሁም የእድሩ የቤዝቦል ትንበያ ውድድር መሥራች፣ አዘጋጅ፣ ዳኛና አሸናፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደም ግፊትዎ ወረደልዎ? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለዎት? ሁለተኛውን ክትባት እንደተወጉ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ። አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ እርስዎን ያጣን ቀን ነገ ምን እንደሚሆን የሚነግረን ሰው አይኖርምና።

እኔ ተሻለች ነኝ። በሠንጠረዥ ብዛት ስሜ ጠፍቶብዎት ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር አጋማሽ እርስዎ ከውድድር የሰረዙት፣ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የሞተው የታዴዎስ ሚስት ነኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ማክሰኞ ዕለት የላኩልኝ መልእክት ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ሣር ላይ ለማደርገው የባለቤቴ ሙት ዓመት የእድሩን ወንበሮች ብጠይቅዎ፣ ጊዜዎን ሰውተው እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «እህታችን፣ ሁኔታውን አይተን ባወጣነው ግምት የሚመጣው ሰው ከአሥራ ሁለት አይበልጥም። አሥራ ሁለት ወንበር እንልካለን። ከዚያ ይልቅ ግን በዙም ብታደርጊው ለሁሉም ይቀላል።» ይህን ደብዳቤ በእድሩ የቫይበር ግሩፕ ላይ ያልለጠፍኩት ግሩፑን ንቄ አይደለም፤ ለምን በማኅበረሰባችን ጋዜጣ እንዳወጣሁት እያነበቡ ሲሄዱ ይገባዎታል። አሁን ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ከተማው በኮሮና ተዘግቶ፣ የእድሩ ስብሰባ ቀርቶ፣ የምንገናኘው በዚያው ግሩፕ ብቻ በሆነበት ሰሞን እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የቤዝቦል ቡድኖች በዓመት የሚያደርጉት መቶ ስድሳ ሁለት ጨዋታ በበሽታው ምክንያት ወደ ስድሳ ማጠሩን እንደሰሙ፣ ማን አንደኛ ማን መጨረሻ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ጠዋት ጠዋት ይለጥፉልን ጀመር፤ አንዱ ተጫዋች ትከሻውን ካመመው ደግሞ የታረመውን ከሰዓት በኋላ ይልኩልናል። አባላቱም የየራሳቸውን ግምት እንዲሰጡ ውድድር ከፈቱ። የውድድሩ ዘመን ሲረዝም የቡድኑ እውነተኛ አቅም እንደሚወጣ፣ ሲያጥር ግን ደካማውም በዕድል ሊወጣ ስለሚችል የተንባይ ችሎታ የሚፈተነው አሁን መሆኑን የጻፉትን ታዴዎስ ጮክ ብሎ አንብቦልኛል። ወዶታል። ጥሩ ይጽፋሉ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ታዴዎስን እርስዎ ያውቁታል፤ የጋዜጣው አንባቢ ግን አያውቀውምና ትንሽ ይታገሡኝ። በሱዳን አድርጎ እዚህ አገር የገባው በሰማንያዎቹ ነው፤ ቤዝቦልን የተማረው ሆቴል ቤት ሳህን ሲያጥብ ከሚሰማው ሬዲዮ ነው። በመጨረሻ የሠራው ኢቶቢኮ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲሆን፣ እኛ ቤታችሁ ቁጭ በሉ ስንባል እሱ ና ተባለ፤ ሄደም። በእድሩ ውስጥ ሥልጣን አልነበረውም። ሐዘን ቤት ወንበር የሚያደርስ ግን እሱ ነበር። ስንት ያስፈልጋል ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ ያለውን በሙሉ ይጭናል፣ ለምን ሲሉት «ከተረፈ መልሼ እጭነዋለሁ» ይላል። በትንበያ በኩል ግን የሚያሳዝን ሰው ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የከተማችን ቡድን ብሉ ጄይስ አንደኛ ይወጣሉ ይላል፤ በየዓመቱ ለማለት ይቻላል ይሳሳታል። ያን ዓመት ብቻ ቀነስ አደረገው። እርስዎ በምድባቸው አራተኛ ያደረጓቸውን ልጆች ሦስተኛ አላቸው፣ ደግሞም ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ አለ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ልጆች ናቸው እኮ፣ ተሹ። መፍራት ገና አልተማሩም» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ደንብ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ግምት የማስገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ታዴዎስ ሆስፒታል ነበር። እኔ በሕጉ ምክንያት መግባት ስለማልችል አንዲት ነርስ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። ትንፋሽ እያጠረው ስለ ቤት፣ ስለ ልጃችን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ «ግምቴን ላክሽልኝ?» ነው ያለኝ። ሐኪሙ ይደውላል ብዬ ስልኩን ለመያዝ ፈርቼ ስለነበር የላክሁት ዘግይቼ ነው። እርስዎም ወዲያውኑ መለሱ፦ «ይቅርታ እህታችን፣ ሰዓቱ አልፏል። ሕግ ሕግ ነው።» አስከትለውም አቶ ታዴዎስ በሰዓቱ ባለማቅረባቸው ከውድድሩ መሰረዛቸውን ለአባላቱ ሁሉ አሳወቁ። በማግስቱ ቱቦ ሊያስገቡለት ሲሉ ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ ሰማሁት። «ዘርይሁን ምን አለ?» አለኝ። ተቀብሎታል፣ እንዲያውም ጥሩ ግምት ነው ብሏል አልኩት። በዚያ ወር ለባለቤቴ ያደረጉለት ደግነት ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ነኝ ያደረግሁልዎ።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ ቀብሩ ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያመልጠኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አገር ቤት እድርተኛ ሲሞት ሰፈሩን እየዞረ ጥሩንባ የሚነፋ ሰው አለ። እዚህ ጥሩንባችን ወይዘሮ ውብአለም ናት፤ አባል በሞተ ቁጥር ቤት ለቤት ትደውላለች። ታዴዎስ ረቡዕ አርፎ ልትደውል ስትል ከለከሏት። የነገሯትን ቃል በቃል ነግራኛለች፦ «ግሩፑ ላይ ተለጥፏል፣ ይበቃል። ደግሞ ሰዉ በሽታውን ፈርቶ አይመጣም ብለን ገምተናል፤ ለምን እናስጨንቀዋለን?» እውነት ነው፣ ተለጥፏል። ከእሱ ሥር ግን እርስዎ የመጨረሻውን ሠንጠረዥ፣ ሠላሳውን ቡድን ከነማብራሪያው ለጠፉ፤ ተከራካሪዎቹ መለሱልዎ፣ እርስዎም መለሱላቸው፣ የባለቤቴ ሞት ወደ ላይ ወደ ላይ ሄደ። ማንም አለመደወሉ ገርሞኝ ልጃችንን ሐሴትን ብጠይቃት ስልኬን አይታ እንዲህ አለችኝ፦ «ማሚ፣ ሁሉም እኮ ግሩፑን ሚዩት አድርገውታል፣ ድምፁ አይሰማቸውም። ቤዝቦሉ በዛባቸዋ።»

ዓርብ ቀበርነው። ውጭ ለሚደረግ ቀብር የተፈቀደው ሃምሳ ሰው ነበር። የነበርነው እኔ፣ ሐሴት፣ ቄሱ፣ ውብአለምና ኢድሪስ ነን። ኢድሪስ የመጋዘን ባልደረባው ነው፤ ሙስሊም ነው፣ የእድራችን አባልም አይደለም፣ ግሩፑ ውስጥ ስላልነበረ ግን የሰማው በስልክ፣ ከእኔ አፍ ነው። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ራቅ ብሎ ቆሞ ቆየና አፈሩ ላይ አካፋ አንሥቶ አገዘን። እርስዎ አልመጡም። እንዳይፈርዱብኝ፣ ይገባኛል፤ ሰው አይመጣም ብለው ተንብየው ሳለ ራስዎ ቢመጡ ትንበያዎን ሊያበላሹ ነው።

ያን ዕለት ብሉ ጄይስ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ጀመሩ። ሐሴት አባቷ ቢኖር ይከፍተው ነበር ብላ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው፤ እኔም ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰሞን ተመልካች መግባት ስለማይችል በየስታዲየሙ ወንበር ላይ የሰው ፎቶ የታተመበት ካርቶን ይደረድሩ ነበር። ካርቶኖቹን እያየሁ በየቀኑ አለቅስ ነበር። ለኳስ እንኳ ባዶ ወንበር ያሳፍራል ተብሎ የሰው ምስል ሲቆም፣ ለእኔ ባል እድሬ ካርቶን አላቆመልኝም።

አራተኛውን የማመሰግንዎ ስለ ወይዘሮ መቅደስ ነው። መስከረም ላይ ዳንፎርዝ መንገድ፣ አትክልት ቤቱ በር ላይ አገኘችኝ። እንደሚያውቋት ሳቂታ ናት። «ታዴዎስስ? ምነው ጠፋብን? በእኔ ስም ኩርፊያውን ተው በይው» አለችኝ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከሞተ ሁለት ወር ሊሆነው እንደሆነ ነገርኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ከረጢቷን ለቀቀችው፣ ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ተበተነ፣ እሷም እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ጮኸች። አላፊ አግዳሚው አምቡላንስ እንጥራ ወይ ይለናል። ለባለቤቴ እንደ ደንቡ የተለቀሰለት ያን ቀን፣ አትክልት ቤት በር ላይ ነው። ወይዘሮ መቅደስ እስከ ዛሬ ሳልደርስልሽ ቀረሁ እያለች ፊቴን ማየት ታፍራለች። ማፈር የነበረባት እሷ አልነበረችም።

ውጤቱን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ብሉ ጄይስ ያን አጭር ዘመን ድንበሩ ስለተዘጋባቸው አገራቸው መግባት ሳይችሉ፣ በሰው ከተማ፣ በአሜሪካዋ ባፋሎ እየተጫወቱ ጨረሱት። ሦስተኛ ወጡ። አለፉም። ያለፉት በመክፈቻው ዋዜማ የሚያልፉት ቡድኖች ቁጥር እንዲጨምር ስለተደረገ ነው፣ ደግሞም ወዲያው ተሸንፈው ወጥተዋል ብለው እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ፤ ትክክል ነዎት። ታዴዎስም ዋንጫ ይበላሉ አላለም። ሦስተኛ ይወጣሉ፣ ያልፋሉ ነው ያለው። እርስዎ ግን በራስዎ አቆጣጠር ራስዎን አሸናፊ አድርገው የደስታ መግለጫ ተቀበሉ። እኔም ዘግይቼ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

አቶ ዘርይሁን፣ ተናድጃለሁ። ከማዘኔ ይልቅ መናደዴ ይበልጣል፣ ይህ ደግሞ ያሳፍረኛል፤ የሐዘን ዓመቴን በእርስዎ ላይ ስናደድ ጨረስኩት። አንድ ነገር ግን ዓመት ሙሉ ሳስብ ገብቶኛልና ላካፍልዎ። ብሉ ጄይስ የእርስዎን ሠንጠረዥ አላነበቡትም። አራተኛ ትሆናላችሁ የተባሉትን ሳይሰሙ ወጥተው ተጫወቱ። ስለዚህ በእነሱ ላይ የፈለጉትን ቢተነብዩ ማንም አይጎዳም፤ ጨዋታ ነው፣ እኔም ቤቴ ውስጥ ስቄበታለሁ። ለቅሶ ግን እንዲያ አይደለም። ሰው አይመጣም ብለው ገመቱ፣ ስለገመቱ አላስደወሉም፣ ስላላስደወሉ ሰው አልመጣም፤ ከዚያ ግምታችን ልክ ነበር አሉን። አሁንም አሥራ ሁለት ወንበር ልከው፣ አሥራ ሦስተኛው ሰው መቀመጫ አጥቶ ሲመለስ፣ ይኸው ብለን ነበር ሊሉን ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንበሮቹን በሙሉ ይልኩልኛል። ታዴዎስ ለእናትዎ ለቅሶ በበረዶ ተሸክሞ ያመጣቸውን እነዚያኑ ወንበሮች፣ አንድ ሳይቀር። ውብአለም በዚህ ሳምንት ማንንም ሳታስፈቅድ ቤት ለቤት እየደወለች ነው። ማን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሣሩ ላይ ሁሉንም እዘረጋቸዋለሁ። ባዶ ከቀሩም ባዶ መሆናቸውን ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ሲመሽ እኔና ልጄ መልሰን እንጭናቸዋለን።

በሰዓቱ ባለማቅረቡ ከተሰረዘው ተወዳዳሪ ቤት፣ በየጊዜው ስለሚሰጡን ግምት ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣

የእድሩ አባል፣
ተሻለች

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለእርስዎ ከፊት መስመር፣ ከቄሱ ቀጥሎ ያለው ወንበር ተይዞልዎታል፤ ስምዎም ይለጠፍበታል። ድንገት ጉዳይ ገጥሞዎ መምጣት ካልቻሉ ፎቶግራፍዎን በካርቶን አሳትመው ይላኩልኝ፤ ኢድሪስ ወንበሩ ላይ ያቆመዋል። አባላቱ ልዩነቱን ያውቁ እንደሆነ ግን እኔ እንደ እርስዎ መተንበይ አልችልም።